እናት ተብላ የኖረችን ሴት ስለ መዘከር፤ በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክና የገድሉ ትውፊት

በአገራችን የሰው የሕይወት ታሪክ በብዛት የሚጻፈው በደራሲ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን፣ ሞት በተሰማበት ሌሊት ወይም በማግስቱ ማለዳ፣ ከቤተ ዘመድ መካከል እጁ ለጽሕፈት ይቀናዋል ተብሎ በታመነ አንድ ወጣት ወይም ጡረታ በወጣ አንድ መምህር ብዕር ነው። ይህ ጽሕፈት ጸሎተ ፍትሐቱ ከተፈጸመ በኋላ በዐውደ ምሕረት ላይ፣ ሕዝቡ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሞ ሳለ ይነበባል፤ አንባቢው ድምፁ እየተቈራረጠ ከጨረሰ በኋላ ወረቀቱ ታጥፎ ኪስ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያም ፈላጊ የለውም። የሥነ ጽሑፍ ጥናታችን ልቦለዱን፣ ቅኔውንና ተውኔቱን ሲመረምር፣ ሙሾውንም ከቃል ግጥም ወገን አድርጎ ሲሰበስብ፣ ወደ ብዙ ሰው ጆሮ የሚደርሰውን ይህን አጭር ድርሰት ግን ከድርሰት ወገን ቈጥሮ ለመመልከት እምብዛም አልተጋም። እኔ ግን ይህ ጽሕፈት ሕዝባችን ስለ ሰው ሕይወት ዋጋ ያለውን አሳብ ከብዙ ታላላቅ መጻሕፍት ይልቅ ገልጦ ያሳያል ብዬ አምናለሁ፤ በተለይም ከማሕፀኗ ላልወጡት ጭምር እናት ሆና የኖረች ደግ ሴት ስትሞት፣ የጽሕፈቱ ጕድለት ፈጽሞ ይገለጣል።

የዚህ ድርሰት ሥርዓት ለሁላችን የታወቀ ነው። በአባትና በእናት ስም ይጀምራል፤ የትውልዱን ቀበሌና አውራጃ ያመለክታል፤ ዕድሜ ለትምህርት ሲደርስ የተገባበትን የቄስ ወይም የመንግሥት ትምህርት ቤት ይጠቅሳል፤ ወደ ትዳርና ወደ ሥራ ይሻገራል፤ የልጆችንና የልጅ ልጆችን ቍጥር ይናገራል፤ በመጨረሻም ሟች ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቈይተው ከዚህ ዓለም ድካም ማረፋቸውን አስታውቆ፣ ለቤተ ሰቡ መጽናናትን በመመኘት ይፈጽማል። ሟቹ ወንድ ሲሆን በዚህ ቅርጽ መካከል ያለው ስፍራ በግሥ የተሞላ ነው፤ ዘመተ፣ ተሾመ፣ ሠራ፣ አሠራ፣ አስተማረ፣ ተሸለመ ይባላል። ሟቿ ቤቷን ይዛ የኖረች ሴት ስትሆን ግን፣ ከጋብቻዋ በኋላ ያለው አርባና ኀምሳ ዓመት በባሏ ሹመትና ዝውውር ውስጥ ይሰወርና፣ ወደ ማብቂያው ሲደርስ በአንድ ዐረፍተ ነገር ላይ የተደረደሩ ቅጽሎች ይመጣሉ፤ ደግ፣ ርኅሩኅ፣ አዛኝ፣ ታጋሽ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ። ወንዱ በግሥ ይታሰባል፤ ሴቲቱ በቅጽል። ቅጽሎቹ ሐሰት አይደሉም፤ የጻፋቸውም ሰው ብዙ ጊዜ ከልቡ እያለቀሰ የጻፋቸው ናቸው። ነገር ግን በአንዲቱ ሴት ላይ የተነገሩት ቃላት አንድም ሳይለወጡ በሚቀጥለው ሳምንት በሌላዪቱ ላይ ሊነገሩ የሚችሉ በመሆናቸው፣ በሕይወት ሳሉ በምንም የማይመሳሰሉት ሁለቱ ሴቶች ከሞቱ በኋላ አንዲት ሴት ይሆናሉ።

ከዚህም የባሰ አለ። ደግነት በቅጽል ብቻ ሲነገር የተፈጥሮ ስጦታ ይመስላል፤ የተፈጥሮ ስጦታ ደግሞ ድካምም ብልሃትም አይጠይቅም፤ ስለዚህ ምስጋናው በበዛ ቍጥር የሴቲቱ ድካም እየተሰወረ ይሄዳል። እጇ አይሰስትም፣ አንጀቷ አይችልም እየተባለ ሲነበብ በሰማሁ ጊዜ ሁሉ፣ ሌሊት ተነሥቶ ስለ ማቡካት፣ ስለ ዱቄቱ ቍጠባ፣ ከባል ጋር ስለ ተደረገው ክርክር፣ ለገዛ ልጆች ጫማ ከታሰበው ተቀንሶ ወደ ጎረቤት ቤት ስለ ሄደው ገንዘብ የሚናገር አንድ ስንኳ ቃል ባለመኖሩ አዝናለሁ። ይህ ሁሉ በፈቃድ የተደረገ፣ ዋጋ የተከፈለበት፣ አንዳንድ ጊዜም ያስወቀሰ ሥራ ነበር፤ ሥራውን ትቶ ጠባዩን ብቻ የሚያመሰግን መታሰቢያ ለሟቿ የሚገባትን ግማሽ ያስቀርባታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን አንዲት እናት ዐረፉ፤ በቀብራቸው ላይ የተነበበውም የሕይወት ታሪክ ከላይ በገለጥሁት ቅርጽ የተጻፈ ነበር። በሠልስቱ ዕለት ግን ከእድሩ ድንኳን ውስጥ፣ ንፍሮው እየዞረ ሳለ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ጎረቤቶቻቸው እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ የሰማሁት ነገር ከወረቀቱ ፈጽሞ የተለየ ሆነብኝ። ሟቿ በሰፈሩ አራስ ባለች ጊዜ ሁሉ አጥሚት አፍልተው በፔርሙስ ይወስዱ ነበር፤ እስከዚህ ድረስ ያለው የብዙ ሴቶች ልማድ ነው። የሳቸው ልዩ ሥራ ግን ፔርሙሱን ይዘው አለመመለሳቸው ነበር። በማግሥቱ ዕቃዬን ልወስድ መጣሁ ብለው ይገባሉ፤ አራሷ ምን እንደምትመስል፣ ሕፃኑ ጡት መያዙን፣ በቤቱ የሚላስ የሚቀመስ መኖር አለመኖሩን በዓይናቸው ይመለከታሉ፤ ፔርሙሱን ሲወስዱ በምትኩ ሽሮ ወይም ቅቤ የያዘ ሌላ ዕቃ ትተው ይወጣሉ፤ ለዚያውም ዕቃ ሲሉ ደግሞ ይመለሳሉ። ከሴቶቹ አንዷ፣ «እቴ፣ የሷ ፔርሙስ እኮ እቤቷ አድሮ አያውቅም» አለች፤ ሌሎቹም በእንባቸው መካከል ሣቁ።

ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አሰላስየዋለሁ። ድሀ ሴት፣ ያውም ባሏ ሥራ የፈታባት አራስ፣ ጎደለሽ ወይ ብለው ቢጠይቋት ምንም አልጎደለኝ ትላለች፤ ክብሯ ነውና። ዕቃን ሰበብ አድርጎ መመላለስ ይህን ክብር ሳይነኩ ወደ ጓዳ የሚገባበት መንገድ ነው፤ ስለ ሰው ሐፍረት፣ ስለ ችግር ጠባይ፣ ስለ ጎረቤት ዐይን ለዓመታት የተከማቸ ዕውቀት አለበት። በወረቀቱ ላይ ለዚህ ሁሉ የተሰጠው ስፍራ «ለተቸገረ ደራሽ» የሚል ሁለት ቃል ብቻ ነበር። ወረቀቱም ንግግሩም እውነት ናቸው፤ ሟቿ ያለችበት ግን በድንኳኑ ንግግር ውስጥ ነው። ወረቀቱን የጻፈው ልጅ ያንን ነገር ሳያውቀው ቀርቶ አይመስለኝም፤ ፔርሙስና ሽሮ በቤተ ክርስቲያን ደጅ በከፍተኛ ድምፅ ሊነበብ የሚገባው ነገር ነው ብሎ አላሰበም እንጂ። ይህን እንዲያስብ ያስተማረው ሰው የለም።

የሙሾው ሥርዓት ከዚህ ይሻል ነበር። ሙሾ አውራጇ ወደ ልቅሶው ስትመጣ አስቀድማ ስለ ሟች ጠይቃና ተረድታ ነው፤ ግጥሟም የሚያስለቅሰው ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን ነገር ሲገኝበት መሆኑን ታውቃለች። ሆኖም እዚያም ቢሆን ወግ የሚያውቀው የጀግናውን ሞት ነው፤ ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻውና ጠመንጃው ወጥቶ በልቅሶው መካከል ሲዞር፣ የሴቲቱ ልብስ ቢወጣ እንኳ ለልብሱ የሚነገረው ግጥም ያጥር ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በዚህ ረገድ ከሁሉ የጠለቀ ሆኖ አገኘዋለሁ። መጽሐፈ ግንዘት የሞተውን ሰው እንደ ማዕርጉና እንደ ጾታው ለይቶ ይሸኘዋል፤ ከዚያም በኋላ በሠልስት፣ በሰባት፣ በዐሥራ ሁለት፣ በሠላሳ፣ በአርባ፣ በሰማንያ፣ በመንፈቅና በሙት ዓመት ስሙ በመሥዋዕቱ ፊት እንዲጠራና ነዳያን እንዲመገቡ ይደረጋል። በሕዝቡ ልብ ውስጥ የዚህ ሁሉ መሠረት በተአምረ ማርያም የሚነበበው የበላኤ ሰብእ ነገር ነው፤ ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ያ ሰው በአምላክ ስምና በመላእክት ስም ለለመነው ድሀ እንቢ ብሎ፣ በእመቤታችን ስም ግን ጥርኝ ውኃ ስለ ሰጠ፣ በሚዛን ፊት ያች ውኃ አመዘነችለት። የሞተን ሰው ስም ጠርቶ ለሕያው ማጠጣትና ማብላት ከመታሰቢያ ሁሉ የበለጠ ነው የሚለው እምነት በየዓመቱ በኪዳነ ምሕረት ዕለት ሲነገር አድጎ፣ በየቤቱ ተዝካር ሆነ።

ተዝካር ብዙ ተነቅፏል፤ ነቀፋውም ያለ ምክንያት አልነበረም። የእርሻ በሬ ሸጦ፣ ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ፣ ወገንን ላለማስወቀስ ሲል ብቻ ድግስ የደገሰ ገበሬ ልጆቹን ለረኃብ አሳልፎ ሲሰጥ ታይቷል፤ የበሉትም ብዙ ጊዜ የተራቡት ሳይሆኑ የጠገቡት ነበሩ። ይህን እየተቀበልሁ ግን አንድ ነገር ልብ እንዲባል እፈልጋለሁ። በጦር ሜዳ የወደቀውን ጀግና ስንዘክር አንዋጋም፤ ዳኛውን ስንዘክር አንፈርድም፤ ሲያበላ የኖረን ሰው ስንዘክር ግን እናበላለን። ስለዚህ በዘመኗ ሁሉ ስትጋግር፣ ስትጠምቅና ስታጎርስ ለኖረች ሴት፣ መታሰቢያዋና የሕይወቷ ሥራ አንድ ዐይነት ይሆናሉ፤ የሚዘክሯትም ሰዎች እሷ ትደክም የነበረውን ድካም ቢያንስ ለአንዲት ቀን በገዛ ወገባቸው ይቀበሉታል። በአርባዋ ቀን ሌሊቱን ሙሉ በምጣድ ፊት የተቀመጡ ሴቶች ልጆቿ፣ በዐውደ ምሕረቱ ላይ ከተነበበው ጽሕፈት ያልተረዱትን ነገር ከምጣዱ ተረድተዋል።

ወደ ጽሕፈቱ ልመለስ። እናት ተብላ የኖረችን ሴት በግሥ መዘከር በአገራችን ሥነ ጽሑፍ ያልተሠራበት ነገር ቢሆን ኖሮ፣ ወቀሳዬ ባልቀና ነበር፤ ነገር ግን ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ተሠርቶበታል። ገድለ ወለተ ጴጥሮስን ማለቴ ነው። እናታችን ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1592 ከታላላቅ ወገን ተወልዳ፣ ከዐፄ ሱስንዮስ መኳንንት አንዱ ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ የተዳረች፣ ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱንም በሕፃንነታቸው ያጣች ሴት ነበረች። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት በተመለሰ ጊዜ፣ ባለቤቷም ከንጉሡ ጋር በቆመ ጊዜ፣ ቤቷንና ሀብቷን ጥላ ወጣች፤ መነኰሰችም፤ ከንጉሡ ሸንጎ ፊት ቀርባ ተመረመረች፤ ወደ ቆላው አገር ወደ ዠበይ ተሰድዳ ሦስት ዓመት ያህል ተቀመጠች፤ በስደትም ከስደትም ከተመለሰች በኋላ በጣና ዙሪያ ሰባት ማኅበራት መሠረተች። እ.ኤ.አ. በ1642፣ በኅዳር 17 ቀን ዐረፈች። ገድሏን የጻፈው ገላውዴዎስ የሚባል መነኵሴ ሲሆን፣ የጻፈውም እ.ኤ.አ. በ1672፣ ካረፈች ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ የሚያውቋት ሰዎች ገና ሳያልቁ ነው።

ገድል የራሱ የተወሰነ መልክ እንዳለው አልዘነጋሁም። ከመወለድ በፊት የሚታይ ምልክት፣ መከራ፣ ቃል ኪዳን፣ ከዕረፍት በኋላ የሚደረግ ተአምር ከአንዱ ገድል ወደ ሌላው የሚሻገሩ ናቸው፤ ቅጽሎቹም ከቀብሩ ወረቀት ይልቅ የበዙ ናቸው። ሆኖም ገላውዴዎስ ቅጽሉን ካስቀመጠ በኋላ አያቆምም፤ ከየት ወዴት እንደ ሄደች፣ ማን እንደ ተከተላት፣ ምን እንደ ሠራች ይናገራል። የጌታ ልጅና የመኰንን ሚስት የነበረችው ሴት እንደ ገረድ እህል ስትፈጭ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም ያሳየናል። ከባልንጀራዋ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር መጀመሪያ ከሩቅ በተያዩ ጊዜ ፍቅር በሁለቱም ልብ እንደ ገባና፣ አስቀድመው እንደሚተዋወቁ ሰዎች እንደ ሆኑ ይተርክልናል፤ ያች እኅተ ክርስቶስም እስከ ዕረፍቷ ያልተለየቻት፣ ከዕረፍቷም በኋላ ማኅበሩን የመራች ናት። ባሏ ሠራዊት አስከትሎ ሲፈልጋት ያደረገውን፣ እሷም ስለ ሌሎች ሰዎች መከራ ብላ የተመለሰችበትን ጊዜ አይዘልም። ይህ ገድል እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ሲታተም በሊቃውንት መካከል ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ክርክሩ ግን በሌላ ጉዳይ ላይ ስለ ዋለ፣ ወፍጮውና እንስራው ገና የሚገባቸውን ያህል አልተመረመሩም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ገላውዴዎስ የእናቲቱን ጽኑነት አለመደበቁ ነው። በእሷ ማኅበር ሥርዓት ያፈረሰች እኅት ከባድ ተግሣጽ ይጠብቃታል፤ ለልጆቿ ነፍስ ስትል የምትጸልየው ጸሎት አንዳንድ ጊዜ የዛሬውን አንባቢ ያስደነግጣል። የምትወደድና የምትፈራ እናት ናት። በቀብሩ ወረቀት ላይ ያለችው እናት ግን አንድም ቀን ተቈጥታ አታውቅም፤ እንቢ ብላ አታውቅም፤ በቁና የሰፈረችውን በቁና የጠየቀች አትመስልም። ብዙ ሰው የሚያበላ ሰው ግን እንቢ ማለትን የግድ ያውቃል፤ ለአንዱ ሁለት እንጀራ ከሰጠ ለሌላው ምንም እንደማይተርፍ ያሰላልና። ጽኑነቷን የሰወረ ጸሐፊ ሌማቱ እንዴት እንደ በረከተ ሊነግረን አይችልም።

ይህ ትውፊት ወደ ዘመናዊው የአማርኛ ጽሕፈት ሲሻገር ከመንገድ ቀርቷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ለሥነ ጽሑፋችን የዋሉለትን ውለታ ማንም አይስተውም፤ «የሕይወት ታሪክ፤ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ» ብለው በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ብዙ ኢትዮጵያውያንን ከመረሳት አድኗል። ነገር ግን በአደባባይ ሥራው ያልታወቀ ሰው በዚያ መጽሐፍ ስፍራ ለማግኘት ይቸግረው ነበር፤ ስለዚህ ሴቶቹ ጥቂቶች ሆኑ። ቀደም ሲል የጻፉትንም መጽሐፍ «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» ብለውታል። እኔ ይህን የምጠቅሰው ታላቁን ሰው ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ከሳቸው በኋላ የተነሣን እኛ ያንኑ መንገድ ሳንጠይቅ ተከትለን ለእናት መታሰቢያ የሚሆን የጽሕፈት ወግ ሳናዘጋጅ መቅረታችንን ለማሳየት ነው።

ጕድለቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ በቅርብ ዘመን ያየነው በወይዘሮ አበበች ጎበና ዕረፍት ጊዜ ነው። እኒህ እናት ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኮቪድ ምክንያት በሕክምና ላይ ሳሉ ባረፉ ጊዜ አገሩ ሁሉ አዘነ፤ የተጻፈውም ሁሉ በቅን ልቡና የተጻፈ ነበር። ሕይወታቸው ለጸሐፊ የሚያስቸግር አልነበረም። በሰሜን ሸዋ ገጠር ተወልደው፣ አባታቸውን በጣልያን ወረራ ዘመን ገና ሳያውቋቸው አጥተው፣ በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው በመዳራቸው ወደ አዲስ አበባ ጠፍተው መጡ፤ ቡናና እህል በሚያዘጋጅ ድርጅት የጥራት ተቈጣጣሪ ሆነው ሲሠሩ፣ ባለ ትዳርና ባለ ቤት ሆነው ሲኖሩ ሳለ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሼን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ ወሎ ወጡ። በመንገድ ረኃብ የጣላቸውን ሰዎች አገኙ፤ ከነዚያም መካከል የሞተች እናቷን ጡት ስትጠባ የነበረች ሕፃን ነበረች። ከዚያ ጕዞ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባለቤታቸው ከልጆቹና ከትዳራቸው እንዲመርጡ በጠየቋቸው ጊዜ ልጆቹን ይዘው ወጡ፤ እንጀራና ቆሎ እየሸጡ አሳደጓቸው፤ በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ክብካቤና የልማት ማኅበር በ1978 ዓ.ም. ሕጋዊ ሰውነት እስኪያገኝ ድረስም ብዙ ዘመን በችግር ቈዩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን፣ በዕረፍታቸው ሰሞን ከሁሉ በላይ የተደጋገመው ቃል «የአፍሪካ ማዘር ትሬዛ» የሚለው ነበር። ቃሉ ለክብር የተሰጠ መሆኑን ዐውቃለሁ፤ እሳቸውም በሕይወት ሳሉ ሲጠሩበት የኖሩ ነው። ሆኖም እንደ ሐያሲ ስመለከተው ከሚያሳየው የሚሰውረው ይበልጣል። የካልካታዪቱ መነኵሲት ገና በወጣትነቷ ወደ ገዳም የገባች፣ ባል ያላገባች፣ ከኋላዋ ዓለም አቀፍ ቤተ ክርስቲያን የቆመላት ሴት ናት። ወይዘሮ አበበች ግን ደመወዝተኛና የሰው ሚስት ነበሩ፤ ከኋላቸው የቆመ ማኅበር አልነበረም፤ ባል ብቻ አይደለም ዘመድ ጭምር አእምሮዋን ስታለች ያለባቸው ሰው ነበሩ። የከፈሉትም ዋጋ ከራሳቸው ጓዳ የወጣ ነው። ይህን ዋጋ ለመረዳት ወደ ካልካታ መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ ቤቷን ጥላ ወጥታ ለሌሎች ልጆች እናት የሆነችው የጣናዪቱ ወለተ ጴጥሮስ በቅርብ ነበረችና። ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን ያቆመ ጽሕፈት በዚያ ሰሞን አላነበብሁም። ቢቆሙ ኖሮ፣ ከትዳር ወጥቶ ለሌሎች እናት መሆን በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ፣ እንዲያውም በግእዝ ተጽፎ በቤተ ክርስቲያን የሚነበብ ታሪክ እንዳለው ይታይ ነበር።

በዚያ ሰሞን የተነገረው ታሪክ ሁሉ በግሼኑ መንገድ ላይ መቆሙም ያሳስበኛል። ሕፃኗን ከሞተች እናቷ ላይ ማንሣት የአንድ ቀን ርኅራኄ ነው፤ እንዲህ ያለ ርኅራኄ ሌላም መንገደኛ ሊሰማው ይችላል። 21 ልጆችን በቆሎ ሽያጭ ማሳደግ ግን የየዕለት ሥራ ነው። ቡናና እህል ሲለዩ የኖሩ እጆች ለሽያጩ ምን ያህል እንደ ረዱ፣ ሽንብራው ከየት ገበያ እንደ ተገዛ፣ ማን እንደ ቈላው፣ ከልጆቹ የትኞቹ ይዘው እንደ ዞሩ፣ የታመመ ልጅ በነበረ ሌሊት ለማግሥቱ የሚሸጠው እንጀራ እንዴት እንደ ተጋገረ፣ ከትልልቆቹ ልጆች ለትንንሾቹ ማን እናት እንደ ሆነ የሚነግረን ጽሕፈት ያስፈልገናል። የደግነታቸው መጠን ያለው በዚህ ውስጥ ነው። የግሼኑ ትዕይንት ልብን ስለሚነካ ጸሐፊዎች ሁሉ እዚያ ይጀምራሉ፤ ብዙዎቹም እዚያው ይጨርሳሉ።

አንድ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል ዐውቃለሁ፤ ወንጌል ምጽዋት በስውር ይሁን ብሎ አዝዟልና፣ ሟቿ በሕይወቷ የሰወረችውን እኛ ከሞተች በኋላ በዝርዝር ማውጣታችን ትሕትናዋን መንካት አይሆንምን? ይህን ጥያቄ ከአንድ አረጋዊ ካህን ሰምቼዋለሁ፤ ቀላልም አይደለም። ነገር ግን ትእዛዙ የታዘዘው ለሰጪው ነው እንጂ ለተቀባዩ አይደለም። ከዐሥሩ ለምጻሞች አንዱ ብቻ ተመልሶ ባመሰገነ ጊዜ የተወቀሱት ዝም ብለው የሄዱት ዘጠኙ ናቸው። የተቀበለ ሰው የተቀበለውን ነገር በስሙ ጠርቶ መናገሩ ዕዳው ነው፤ በአጥሚቱ ፋንታ ርኅራኄን፣ በቆሎው ፋንታ ደግነትን ብቻ ቢያመሰግን ግን ዕዳውን በግማሽ ከፍሏል። የተቀባዩ ስም በአደባባይ እንዳይወጣና እንዳያፍር መጠንቀቅ ግን በእርግጥ ይገባል፤ የሰፈራችን እናት ፔርሙሳቸውን ያመላልሱ የነበረው ለዚሁ ነበርና፣ ጸሐፊውም የሳቸውን ያህል ጥንቃቄ ሊኖረው ያስፈልጋል።

ስለዚህ ጥናታችን ሁለት ሥራዎች ቢጀምር እወዳለሁ። አንደኛው፣ በየእድሩና በየቤቱ በየመሳቢያው ታጥፈው ያሉትን የቀብር ጽሕፈቶች በባለቤቶቻቸው ፈቃድ እየሰበሰቡ እንደ አንድ የድርሰት ወገን መመርመር ነው፤ ከየትኛው ዘመን ጀምሮ ምን ቃል እንደ ገባ፣ በከተማና በገጠር፣ በሙስሊሙና በክርስቲያኑ ልቅሶ መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደ ሆነ ገና የሚጠና ነው። ሁለተኛው ጊዜ የማይሰጥ ነው። ገላውዴዎስ ብዕሩን ሲያነሣ ወለተ ጴጥሮስን በዓይናቸው ያዩ፣ በእጇ የጎረሱ ሰዎች ገና በሕይወት ነበሩ። ከወይዘሮ አበበች ጋር በዚያ በመጀመሪያው ዓመት የነበሩት ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ ቆሎውን ይዘው የዞሩት፣ ትንንሾቹን ያዘሉት እነሱ ናቸው። መጠየቅ ያለባቸው አሁን ነው፤ ጥያቄውም ስለ ደግነታቸው መሆን የለበትም፤ ያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት ማን ቀድሞ ይነሣ እንደ ነበር፣ ምጣዱ ስንት እንጀራ እንዳወጣ፣ ከወጣው ስንቱ ለገበያ ሄዶ ስንቱ ለቤት እንደ ቀረና ያን የሚወስነው ማን እንደ ነበር ይጠየቁ።